የጠመኔው መስመር

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ላይ ሐኪሟ በግራ ጆሮዬ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስ፣ የተኛሁበት አልጋ ከነግድግዳው ዞረብኝ። ዓይኔ ላይ ያጠለቀችልኝ ጥቁር መነጽር ካሜራ ነበረውና የዓይኔን መራወጥ ቀረጸ። ጤነኛ ጆሮ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። በቀኙ ስታፈስ ግን ዓይኔ ንቅንቅ አላለም። «ሚዛንሽን የሚጠብቀው የጆሮሽ ውስጠኛ ክፍል እዚህ በኩል ተጎድቷል፤ የሚያንገዳግድሽ እሱ ነው» አለች።

ምርመራው ይኸው ነው! ጥቂት ውሃ! አባቴ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

አባቴ ቡሬ አስተማሪ ነበር። ኮቱ ሁልጊዜ ጠመኔ ጠመኔ ይሸት ነበር። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። መጀመሪያ ጆሮዬ ይጮኻል አለ፤ ቀጥሎ ግድግዳ እየተደገፈ መሄድ፣ ድንገት ማስመለስ ጀመረ። ከተማው ምን ይበል? ጠጪ አለው። ስንቱ በየጠላ ቤቱ ወድቆ የሚያድር ሰው ነው እኮ እንዲያ ያለው!

አንድ ጠዋት፣ ባንዲራ ተሰቅሎ ሳያበቃ፣ ርዕሰ መምህሩ እኔን ጨምሮ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ረጅም መስመር አሰመረ።

«መምህር፣ ካልጠጡ እስቲ በዚህ ላይ ይሂዱልን።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ጠላ እንኳ አልቀመስሁም። ምድሩ ነው የሚዞርብኝ።»

«ይሂዱ እንጂ!»

አባቴ ዓይኑን መስመሩ ላይ ተክሎ ሄደ። ደህና ይሄድ ነበር። ከሰልፉ አንዱ ሲስቅ ወደዚያ ዞር አለና በግንባሩ ተደፋ። የሲሚንቶው ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ያ ሁሉ መምህር ቆሞ ያያል! አንዱም እጁን አልዘረጋም። አባቴ ብቻውን ተነሣ፣ ኮቱን አራገፈ፣ «ወደ ክፍላችሁ ግቡ» አለን። ማስተማሩን ከለከሉት። ሰካራም እንደተባለ ሞተ። ያን ርዕሰ መምህር ይቅር አላልሁትም፤ አልለውምም።

ሐኪሟ በመጨረሻ ወለሉ ላይ በተለጠፈ መስመር ዓይኔን ጨፍኜ እንድራመድ አዘዘችኝ። መስመሩን ሳይ እግሬ ተሳሰረ።

«አይዞሽ፣ ከኋላሽ ነኝ» አለችኝ።

ጥቂት ተራምጄ ወደ ቀኝ ተንጋደድሁ። ወዲያው ሁለት እጆች በብብቴ ሥር ገብተው ያዙኝ። እንባዬ መጣ።

«አዞረሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኋት።