ከቃሬዛው ፊት የሄደችው

ሸዋአየሁ ነጋ የተወለደችው ከኮሶዬ አለፍ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በተቀመጠችው ቀጨሞ በምትባል መንደር ነው። የተዳረችው ደግሞ ከገደሉ ሥር፣ ዋርካ ግርጌ በምትባል መንደር። ሁለቱ መንደሮች ሲጋቡና ክርስትና ሲያነሡ የኖሩ ናቸው። ከታች ያለው ሰው ወደ ገበያና ወደ ጎንደር መንገድ የሚወጣውም በቀጨሞ በኩል በሚያልፈው ጠባብ በር ነበር።

ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በግጦሽ በተነሣ ጠብ የባሏ ታናሽ ወንድም ማሩ የእሷን ወንድም ቢያዝንን ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ አርማጭሆ በረሃ ገባ። ቀጨሞዎችም በሩን ዘጉ።

ሸዋአየሁ ለወንድሟ ልቅሶ ስትወጣ አባቷ አያ ነጋ ከዳሱ ደጃፍ ላይ አስቆሟት።

«ወይ ያን ቤት ጥለሽ ነይ፣ ወይ አባት የለኝም በይ» አሏት።

ባሏ ፋንታሁን በዚያ ጠብ እጁን አላነሣም፤ ቢያዝንንም እንደ ወንድሙ ይወደው ነበር። እንዴት ትጣለው? ከዳሱ ውጭ ብቻዋን አልቅሳ ወረደች። ታችም ቢሆን ምንጭ ዳር ስትደርስ የሴቶቹ ወሬ ይቋረጣል። የደመኛ ልጅ ናትና።

ገበያው የተዘጋባቸው የዋርካ ግርጌ ወንዶች በቆላው ዞረው ለአጨዳ ወደ ደምቢያ ወረዱ። በዚያ ዓመት የወባ ንዳድ አገሩን ፈጅቶት ነበር። ፋንታሁንም በንዳዱ ሞቶ እዚያው ቆላ ድባ ተቀበረ። መርዶውን የነገሯት ሰዎች ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ በሽታውን ይዘውት መጥተዋል።

በየገበያው ቀን ሐኪሞች ኪኒን ጭነው በማኪና ከጎንደር ኮሶዬ ድረስ ይመጣሉ። ደም ባለበት አገር መካከል ግን አንወርድም አሉ። የወረዳው ገዥ «በሽተኛ ይለፍ፣ እናንተም ታረቁ» ሲል አስነገረ። ከጎንደር አንድ ቄስ መስቀል ይዘው መጥተው ለመኑ። ቀጨሞዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙ፣ መስቀሉን ተሳለሙ፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ታች አስከሬን መቅበር የእለት ሥራ ሆነ።

አንድ ጧት ሸዋአየሁ ነጠላዋን አጥብቃ አቀበቱን ወጣች። አባቷ በሩ ላይ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«ምነው መጣሽ?»

«እርቅ ልለምን አልመጣሁም። ደሙ የወንድሜ ነው፤ እኔም አልረሳሁት። በሽተኛ ብቻ ይለፍ፣ አባቴ።»

«ማን ልኮሽ?»

«ማንም። እኔን ማን ይልከኛል?»

አያ ነጋ ቁልቁል ወደ ታችኛው መንደር ተመለከቱ። ኋላ ግን፣ «ወንድ እንዳይታየኝ» አሉ። «ቃሬዛውን ሴቶች ይሸከሙት። አንቺ ከፊት ትሄጃለሽ። ክፉ ቢመጣ መጀመሪያ የምመታው አንቺን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋአየሁ ከየቃሬዛው ፊት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ «እንዴት አደሩ» ትላለች። አባቷ ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያዞራሉ እንጂ አይመልሱላትም። ከኋላዋ ያሉት ሴቶችም ከድካም ማቃሰት በቀር ቃል አይተነፍሱም። ድፍን ቀን ሰው መካከል ትውልና የሚያናግራት ሳታገኝ ትገባለች።

አንድ ቀን አያ ነጋ ድንገት ወደ ቃሬዛው ዞር አሉ። «ይህችኛዋ ማን ናት?»

ሸዋአየሁ በአባቷና በቃሬዛው መካከል ቆመች። «እናኑ ናት። የማሩ ሚስት።»

ሴቶቹ ባሉበት ቀጥ አሉ።

«ሌላ ስም ብትጠሪልኝ ምን ነበረበት?» አሉ አያ ነጋ፣ እንደ ቁጣም እንደ ልመናም አድርጓቸው።

«ብዋሽዎ ነገ መስማትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ በሩን በሁሉም ላይ ይዘጉታል።»

ሽማግሌው ተነሡ። ጠመንጃቸውን አንግተው ከበሩ ማዶ እስካለው ጥድ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጡ። «እለፉ» አሉ።

እናኑ ዳነች። በሩም ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ማሩ ከበረሃ ተጠርቶ መጣ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ከአያ ነጋ እግር ሥር ወደቀ። አያ ነጋም አነሡት። እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ደም እንዳይነሣ ተማማሉ።

በእርቁ ግብዣ ቀጨሞዎች በአንድ ወገን፣ ዋርካ ግርጌዎች በሌላ ወገን ተቀመጡ። ሸዋአየሁ ለሁለቱም ጠላ ቀዳች። «እጅሽ ይባረክ» ያላት የለም። «ነይ እዚህ ተቀመጪ» ያላትም የለም። አባቷ ዘንድ ስትደርስ ዋንጫውን ሞልታ ሰጠቻቸው። አያ ነጋ ጠጥተው ዋንጫውን መለሱላትና፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ጥቂት ቆማ ጠበቀች። እሳቸው ግን አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ዞሩ።

ሰው እየዘፈነ ወደየመንደሩ ሲበተን እሷ ከሁሉም ኋላ ወረደች። ቤቷ ስትገባ ምድጃው ጠፍቷል። ገል ይዛ እሳት ልትጭር እናኑ ደጃፍ ሄደች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የማንንም ደጅ ረግጣ አታውቅም።

እናኑ ፍሙን ገሉ ላይ አደረገችላትና፣ «ምነው፣ ግቢ እንጂ» አለቻት።

ሸዋአየሁ ገብታ ከመደቡ ጥግ ተቀመጠች። ገሉን መደቡ ላይ አኖረችው። ፍሙ ጭኗ አጠገብ አመድ እየለበሰ ሄደ፤ ቶሎ ብላ ግን አልተነሣችም።