ካሜራውን መርጬ ሚሞሪውን ሳልመርጥ

ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ “ፎቶ አንሺው ቤት አድርሰኝ” ብትሉት፣ ባጃጅ ነጂው “የትኛው?” አይላችሁም። ሱቄን ካስረከብኩ በኋላ እንኳ ቀጥ ብሎ የሚያመጣችሁ እኔ ደጅ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ብመካም የሚከለክለኝ የለም።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ፎቶግራፍ አነሣሥ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሆኖም በዚህ ከተማ የአባትንም የልጅንም ጉርድ ፎቶ ያነሣሁ እኔ ነኝ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህርና ነርስ፣ ለመታወቂያ ከቀወት ገጠር የወረደ ገበሬ፣ ሁሉም እኔ ፊት ተቀምጦ “አገጭ ዝቅ” ስል አገጩን ዝቅ አድርጓል። አሁን ፎቶ ቤት የሚከፍቱ ወጣቶች እየመጡ “ጋሼ ደምሴ፣ በዚህች ብር ምን ካሜራ ልግዛ?” ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው ልጻፈው አልኩ።

ሥራ የጀመርኩት በመጥረጊያ ነው። ጋሼ ተሰማ የሚባሉ ባለ ፎቶ ቤት ወለል እንድጠርግና የታተመ ፎቶ እንድቆርጥ ቀጠሩኝ። በመጀመሪያው ቀን እሳቸው ለምሳ እንደ ወጡ አንድ ወታደር እየተጣደፈ ገባ።

“አንሺው አንተ ነህ? መኪና ሊያመልጠኝ ነው።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አልኩት። አስቀመጥኩት፣ መብራቱን አበራሁ፣ አነሣሁት። ሐሙስ ሲመለስ እንደሚወስድ ነግሮኝ ሄደ።

ጋሼ ተሰማ ሲሰሙ ዐይናቸው ፈጠጠ። “ማን አስተምሮህ ነው?”

“ጠዋት ሲያነሡ አየሁዎት።”

ጥፊ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ጠብቀው በማግስቱ ጨለማ ክፍል ገብተው አጠቡት። የወታደሩን ፎቶ በሁለት ጣት ይዘው ወጡ። “ሁለቱም ጆሮው ይታያል” አሉ። “መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጥ።”

ከዚያ በኋላ የሰጡኝ ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ፊልም እንዳላባክን ብለው ነው የሰጡኝ። “አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እመን፤ ሠላሳ ሰባተኛ ሰው አታስቀምጥ።” ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያመንኩ ስንት ዓመት ሠራሁ፤ የራሴንም ሱቅ ከፈትኩ። አንድም ቀን አልዋሸኝም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በኋላ የገጠመኝ ጣጣ የመጣው ከዚህ እምነቴ ነው፤ የእሳቸው ጥፋት ግን አይደለም።

ፊልሜን የምልክበት የአዲስ አበባው ማጠቢያ ቤት ሥራ ሲያቆም፣ ወይ ሱቄን መዝጋት ወይ ዲጂታል መግዛት ግድ ሆነብኝ። የባለቤቴ ዕቁብ በዚያ ሰሞን ደርሷት ነበር። “ለጓዳዬ ነበር ያሰብኩት” አለችኝ። “ይሁን፣ ውሰደው። ቤት ቁጭ ብለህ ስትነዘንዘኝ ከምትውል ይሻለኛል።” እግዜር ይስጣት።

አዲስ አበባ አዲስም ያገለገለም ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አፈ ፈጣን ወጣት ነው። ከካርቶኗ ያልወጣች፣ እንደ መስታወት የምታብረቀርቅ ትንሽ ካሜራ አወጣልኝ።

“ፋዘር፣ ይቺ ሃያ ሜጋፒክስል ናት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?”

“ዐይኔን የማደርግባት ቀዳዳ የታለች?”

“ቀዳዳ እኮ ቀረ። አሁን በስክሪን ነው።”

“አንተ ሸዋ ሮቢት በቀትር ፀሐይ ቆመህ ታውቃለህ?”

“ኧረ አላውቅም።”

“እዚያ በስድስት ሰዓት ስክሪን ስታይ የሚታይህ የገዛ አፍንጫህ ነው። ሙሽራዋን አታገኛትም።”

ሳቀና ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ትልቅ ካሜራ አወረደ። እጀታው ተልጧል፤ ሜጋፒክስሉ አሥር ነው። እጀታ ፎቶ አያነሣም። አሥሩም ቢሆን ለጉርድና ለሰርግ ፎቶ ይተርፋል፤ የማሳትመው የአደባባይ ማስታወቂያ አይደለም። ሌንሱን ፈታሁና በእጅ ባትሪ አበራሁበት። ሻጋታ ካለ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል፤ አልነበረም። ነጭ ወረቀት አነሣሁና ነጥብ እንዳለበት ፈለግሁ። ሃያ ጊዜ አከታትዬ ተኩሼ ድምፁን አዳመጥኩ፤ ሃያውም አንድ ዓይነት ነው። በመጨረሻ ባትሪውን አየሁ። ገጠር መብራት በሌለበት ለሚውል ሰው መለዋወጫ ባትሪ ከካሜራው እኩል ነው፤ ሁለት አስጨመርኩት። ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ጭንቅላት ነው።

“ፋዘር፣ እርስዎ ሊቅ ነዎት” አለኝ ሻጩ። “ሚሞሪውንስ? ኦሪጅናል ባለ አራት ጊጋ አለኝ፤ ሁለት ይውሰዱ።”

“አራት ብቻ? ለዚህ ሁሉ ብር?”

“የኔዋ የሚያምኗት ናት።”

ሊበላኝ ነው ብዬ ትቼው ወጣሁ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሱቅ በደረቴ ያነገተ ሰው ስድሳ አራት ጊጋ የተጻፈበትን ሚሞሪ ከአንዱ አራት ጊጋ ባነሰ ዋጋ ሰጠኝ። እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር የመጣሁት።

ለወራት ምንም አልሆነም። የማነሣው ጉርድ ፎቶ ነው፤ አሳትማለሁ፣ አጠፋለሁ። ሚሞሪው ጠግቦ አያውቅም።

ከዚያ የሐጂ ሰይድ ልጅ ሰርግ መጣ። ሐጂ ሰይድ በቀወት ገጠር ማሽላ የሚያመርቱ፣ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። ለመታወቂያ ግድ ሆኖባቸው እኔ ካነሣኋቸው በቀር ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም። የምትዳረው የመጨረሻ ልጃቸው ዘሃራ ናት፤ ባሏ ድሬዳዋ ሥራ ስላለው ይዟት ሊሄድ ነው። “አባቴን በፎቶ ይዤ ካልሄድኩ አልሄድም” ብላ አልቅሳባቸው፣ “አንድ ጊዜ ብቻ” ብለው ቃል ሰጧት።

በዚያ ሰርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ናቸው፤ እነሱ ዳስ ውስጥ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ጠዋት የወንዶቹንና የኒካውን ሥነ ሥርዓት አነሣሁና ካሜራውን ለዘሃራ ታላቅ እህት ለከድጃ አስተካክዬ ሰጠኋት። “ይህቺን ተጫኚ፣ ሌላ አትንኪ” አልኳት። ከድጃ ሒናውንም፣ ጭፈራውንም፣ ድስቱንም ሳይቀር አንሥታ ወጣች።

“ከድጃ፣ ድስት ምን ያደርጋል?”

“ወላሂ ጋሼ፣ ወጡ ያምራል እኮ!”

እኔም ስድሳ አራት ጊጋ አለኝ ብዬ ሳቅሁ። ሙሽራዋ ስትሸኝ ሐጂ ግቢው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ከዘሃራ ጎን ቆሙ። ተኮስኩ። ስክሪኑ ላይ በዐይኔ አየሁት፤ የእሷ እጅ በአባቷ ክንድ ላይ ነው። በዘመኔ ካነሣኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

በማግስቱ ልመርጥ ስከፍት የጠዋቱ አለ፤ ከከድጃም ግማሹ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስሙ ብቻ ተቀምጧል፣ ሲከፈት ግራጫ ነው። የሐጂም ግራጫ ነው። ሚሞሪውን አውጥቼ ጠርጌ መለስኩት፤ ያው ግራጫ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታስተምር ከጎጃም የመጣች መምህርት ሰብለ አለች። ወደሷ ሮጥኩ። ሚሞሪውን ኮምፒውተሯ ውስጥ ከትታ ብዙ ቆየች።

“ጋሼ፣ ይሄ ፎርጅድ ነው። ላዩ ስድሳ አራት ይላል፤ ውስጡ ሁለት እንኳ አይሞላም።”

“እኔ እኮ ፎቶውን አይቼዋለሁ!”

“ያዩት ፎቶው ገና ካሜራው ውስጥ ሳለ ነው። ካሜራው ሲሰጠው ሚሞሪው ‘ተቀብያለሁ’ ይለዋል፤ ግን ቦታ የለውም፣ ይጥለዋል።”

“አይመለስም?”

“ያልተቀመጠ ነገር ከየት ይመጣል፣ ጋሼ?”

ዕውቀቷንም ጊዜዋንም ሰጥታኝ አንድ ሳንቲም አልተቀበለችኝም። “እዚህ የመጣሁ ሰሞን ለመታወቂያ ሲያነሡኝ መስታወት ሰጥተውኝ ፀጉሬን አስተካክያለሁ። ሌላው ጋ እንደ በግ ነው ያነሡኝ” አለች። ቀጥላም አዲስ ሚሞሪ ስገዛ እስከ አፉ ሞልቼ፣ ካሜራውን አጥፍቼ አብርቼ፣ ሁሉንም እየከፈትኩ እንዳይ አስተማረችኝ። ሰው ያስተማረኝ ሁለተኛው ነገር ይህ ነው።

ዘሃራ ለመልስ አባቷ ቤት የምትመጣው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ከመልሱ ማግስት ወደ ድሬዳዋ ትሄዳለች። ከዚያ ቀን ሌላ ዕድል የለም። ጠፋ ብሎ መናገሩ ደግሞ ለኔ ዓይነቱ ሰው ቀላል አይደለም። ሐጂ ግቢ ስደርስ የሙስባሐቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል።

“ሐጂ፣ ፎቶው የለም።”

“የት ሄደ?”

“ሚሞሪው ዋሽቶኝ ነው።”

“ማን ገዛው?”

“እኔ።”

“እንደሱ በል እንጂ። ስንት ይይዛል አሉህ?”

“ስድሳ አራት።”

“ስንት ያዘ?”

“ሁለትም አልሞላ።”

ሙስባሐው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። “ተነሥ፣ ተከተለኝ።” ከቤቱ ጓሮ ማሽላ ወደሚቀብሩበት ጉድጓድ ወሰዱኝ። አፉ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል።

“ይህን የቆፈርኩ ዓመት ምን ያህል የከተትኩበት ይመስልሃል?”

“የዓመቱን ምርት።”

“ሁለት ጆንያ። ክረምቱን አሳለፍኩና ከፈትኩት። ውሃ እንዳልገባው፣ ምስጥ እንዳላገኘው አየሁ። ሙሉውን የቀበርኩት ከዚያ ነው። ያኔም ሁሉንም አይደለም፤ ሌላው ጉድጓድ ከዚያ ማዶ ነው። አንተ ደምሴ፣ ያንን ሁሉ ሰርግ ባልሞከርከው ጉድጓድ ቀበርከው?”

“ሐጂ፣ ለመልሱ እንደ ገና ይቁሙልኝ” አልኳቸው።

“ቃሌ አንድ ጊዜ ነበር። ቆሜያለሁ።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“አንተ ራስህ ፎቶ ተነሥተህ ታውቃለህ?”

“እኔ አንሺ ነኝ።”

“እንግዲያው መጀመሪያ አንተ ትነሣለህ። ከድጃ ታንሳህ። ከዚያ ኢንሻአላህ እናያለን።”

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ተመልሼ ከዚያው ሻጭ ሁለቱን ባለ አራት ጊጋ ገዛሁ። ስቆ “ፋዘር፣ ተመለሱ?” አለኝ፤ ዋጋም ቀነሰልኝ። ሁለቱንም የሱቄን ግድግዳ እያነሣሁ እስከ አፋቸው ሞላሁ፣ አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ አጠፋሁ።

የመልሱ ዕለት ግቢው በሰው ሞልቷል። ሐጂ “በርጩማ አምጡለት” አሉ። ከቁርቁራው ሥር ተቀመጥኩ። ከድጃ ካሜራዬን እንደ ባለሙያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

“ጋሼ፣ አገጭ ዝቅ።”

“ዝቅ ነው።”

“አይደለም። ትከሻዎን ይልቀቁት፤ የታሰረ ሰው መሰሉ።”

“እዩት፣ አላበው!” አሉ ሐጂ፣ ሰዉም ሳቀ። እውነትም አላበኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ያ ካሜራ ከፊት ሲያዩት እንደዚያ የሚያስፈራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስንቱን ሰው “ፈገግ በል” እያልኩ ስጮህበት ኖሬያለሁ።

ከድጃ ተኮሰች። ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። “አሁን ገባህ” አሉኝ። “ዘሃራ፣ ነይ።”

በአንዱ ሚሞሪ ሦስት አነሣሁ። ቀየርኩና በሁለተኛው ሦስት አነሣሁ። ካሜራውን አጥፍቼ፣ አብርቼ፣ ስድስቱንም ከፈትኩ። ስድስቱም አሉ። “ሐጂ፣ አሉ!” ስል “አልሐምዱሊላህ፣ በል ውረድልኝ” ብለው ወደ ምግባቸው ሄዱ። ወደ መምህርት ሰብለ ኮምፒውተር በዚያው ቀን አሳልፌ፣ ዘሃራ ከመነሣቷ በፊት ታትሞ ደረሰላት።

ለወጣቶቹ የምለው ይህ ነው። ካሜራ የምትመርጡት በምትሠሩበት አገር ፀሐይ ነው። ብር ካነሰ ከካሜራው ላይ ቀንሱ፣ ከሚሞሪው ላይ አትቀንሱ። ሚሞሪውን ሥራ ሳትቀበሉ ሞልታችሁ ሞክሩት። የሰው ነገር ሁልጊዜ በሁለት ይቀመጥ።

እኔ በዘመኔ ያደረግኩት፦
ሳልማር አንሺ ሆንኩ፤ በመጀመሪያው ቀኔ።
የከተማውን ሕዝብ ጆሮ ሁለቱንም አሳይቻለሁ።
የተላጠው ካሜራ እስከ ጡረታዬ አገልግሎኛል።
ከድጃን ፎቶ አንሺ አደረግኋት፤ ዛሬ በቀወት የሴቶቹን ዳስ የምታነሣ እሷ ናት፣ ካሜራ ስትገዛም ሌንሱን በእጅ ባትሪ ያየሁላት እኔ ነኝ።
ጠፋብኝ ማለትን ተማርኩ፤ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ቢሆንም።
ከከድጃ በቀር ማንም ፎቶ አላነሣኝም፤ ባለቤቴ አይታው “ዐይንህ ምነው ፈጠጠ?” ብላ ሰቀለችው።
ሐጂ ሰይድም ከመታወቂያቸው ሌላ በዕድሜያቸው ያላቸው ፎቶ አንድ ነው። ድሬዳዋ፣ ዘሃራ ቤት ይገኛል። እኔ ነኝ ያነሣሁት።