ያልመለስኩት ወንፈል

ቄስ ነኝ። የሰው ኃጢአት ስሰማ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የኔን ትልቁን ግን ከበደልኳት ሴት በቀር እስከ ዛሬ የሰማው የለም። ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ በጾም ቀን ሳላስብ የቀመስኩትን፣ ቅዳሴ ላይ ያንቀላፋሁትን፣ የጎረቤቴ በግ ጎመኔን በላ ብዬ የተሳደብኩትን አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ስገድ ይሉኛል፣ እኔ እሰግዳለሁ። ይህን አንዱን ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ ደበቅኋቸው። ትንኟን እያጠለልኩ ግመሉን የዋጥኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ ዛሬ አናዛዦቼ እናንተ ናችሁ። ስትሰሙኝ አትዘኑልኝ፤ ለማዘን ገና ነው።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የገጠር ቀበሌ ዲያቆን ነበርኩ። የእናቴን መሬት እያረስኩ ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። ድምፄ ያምር ነበር። ይህን ስል እየኮራሁ አይደለም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አሁንም ትንሽ እኮራለሁ። በሰሙነ ሕማማት ነቢያት ሲነበቡ ኢሳይያስን የማነበው እኔ ነበርኩ። ንባቡ በግእዝ ስለሆነ ሕዝቡ ቃሉን አይሰማውም፤ ይሰግዳል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይሰግዳል። እኔ ግን ቅኔ ቤት ቆይቻለሁና ይገባኝ ነበር። ነቢዩ የሚለው ነገር ቀላል ነው። እግዚአብሔር በዓላችሁ ሰለቸኝ፣ ነፍሴ ጠላችው፣ እጃችሁን ብትዘረጉም አላይም ይላል፤ ይልቅስ ለድሃ አደጉ ፍረዱ፣ ለባልቴቲቱ ተሟገቱላት። ይህን ሁሉ አሳምሬ አነበብኩ። ሰው ድምፄን አደነቀ፤ እኔም አብሬ አደነቅሁ።

በዚያች ቀበሌ ታንጉት የምትባል ሴት ነበረች። ከቡሬ ወዲያ ከአዊዎች አገር ባሏን ተከትላ የመጣች ናት። ባሏ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ትቶላት ነው የሞተው። እኛ ዘንድ ወንፈል የሚባል ነገር አለ፤ ዛሬ አንተ ማሳ ላይ ከዋልኩ ነገ አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። አይጻፍም፣ ምስክርም አይቆምበትም። በዚያ ጥቅምት ታንጉት በርበሬዬን ስትለቅም ሁለት ቀን ሙሉ ዋለችልኝ። እኔም ኅዳር ዐሥርና ዐሥራ አንድ ጤፏን ላጭድላት ቃሌን ሰጠሁ።

ኅዳር ዘጠኝ ከቡሬ መልእክት መጣ። ለሚካኤል ማኅሌት መጥተህ ቅኔ ትቀኛለህ ተባልኩ። ሄድኩ። ለታንጉት ሳልነግራት ሄድኩ። ብነግራት እኮ ሂድ ነበር የምትለኝ፤ የፈራሁትም እሱን ነው፣ ሂድ ስትለኝ አፍራለሁ ብዬ። ቡሬ ላይ ቅኔዬ ተወደደ። ቅኔው ስለ ምን ነበር ብትሉኝ ስለ ባልቴት እንባ ነበር። ባልቴቷ ማሳዋ ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር፤ ለእኔ በእንባዋ ይጨበጨብልኝ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

ታንጉት ሁለቱን ቀን ብቻዋን አጨደች። አልጨረሰችም። ጤፉ ደርቆ እየረገፈ፣ ሰማዩም ያለ ወትሮው እየጠቆረ ነበር። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከልጆቿ ጋር የቀረውን አጭዳ ከመረችው። በማግስቱ በረዶ ወረደ። የአገሩ ጤፍ በሙሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። የኔም ተነጠፈ። የዳነው የታንጉት ክምር ብቻ ነበር።

እኛ አገር በዓል ከተሻረ በረዶ ይወርዳል ይባላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አያ ፈንቴ ነበሩ፤ የሰንበቴያችን፣ ማለት እሑድ እሑድ ዳቦና ጠላ ይዘን አብረን የምንቀምስበት ማኅበር አለቃ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እርሻቸው የጠፋባቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«አንች ሴት፣ በሚካኤል ቀን ማጭድ ይዘሻል?» አሏት።

«ይዣለሁ። ጤፉ እየረገፈብኝ ነው። ሰው ጠብቄ ነበር፣ ቀረብኝ።»

«ማን ቀረብሽ?»

ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ መሬት አየች። አያ ፈንቴም ዐይኗን ተከትለው ነው መሰል ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ዲያቆን፣ መቼም መጽሐፉን ኸኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። መጽሐፉ ምን ይላል?»

እኔ ነኝ የቀረሁባት ማለት ስንት ቃል ነው? መጽሐፉ ለባልቴቲቱ ተሟገቱላት ይላል ማለትስ ምን ይከብድ ነበር? በቃሌ እኮ አውቀዋለሁ። በሕማማት በዚያው ደጅ ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ግን ከእርሷ ጎን ብቆም ወንፈሉ ይወጣል፤ ወንፈሉ ከወጣ ቡሬ የሄድኩት ይወጣል፤ የአገሩን እርሻ ያስመታው ዲያቆኑ ነው ይባላል። ጤፌ መጥፋቱም አናዶኝ ነበር። ስለዚህ ዋሸሁ። ነቢዩ ኢሳይያስ፣ በዓል የሚሽሩትን ነፍሴ ጠላቻቸው ይላል እግዚአብሔር፣ አልኩ። በዚያ በሚያምር ድምፄ አልኩ። ነቢዩ ለእኛ የተናገረውን ቁጣ አንሥቼ እርሷ ላይ ጣልኩት። ዋሸሁ፤ ያውም በነቢይ አፍ።

ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አላስፈለገም። ታንጉት ከማኅበር ትለይ ተባለ። በቀጣዩ እሑድ ዳቦዋን በመሶብ ይዛ መጣች፤ ማንም እጁን አልሰደደም። መሶቡ በመሐላችን እንደ ተከደነ ቆየ። እኔ ሁለት ክንድ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ዳቦው ትኩስ መሆኑ ከሽታው ይታወቅ ነበር፣ ርቦኝም ነበር፣ ግን አልነካሁትም። መሶቧን አንሥታ፣ ልጆቿን አስከትላ ሄደች። ክምሯን የሚወቃላት፣ በሬ የሚያውሳት ጠፋ። ጥምቀት ሳይደርስ ቤቷን ዘግታ ወደ እናቷ ወገኖች ተመለሰች።

እኔ ቅስና ተቀበልኩ። አሁን የማገለግለው ፍኖተ ሰላም ዳርቻ ባለ የሚካኤል ደብር ነው። ሰው ይወደኛል። ጾሜን አላጓድልም፣ ሰዓታት አላስታጉልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ይህን ያህል የምተጋው ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በየሕማማቱ ኢሳይያስ ጋ ሲደረስ ጉሮሮዬን አመመኝ እልና ለሌላ እሰጣለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንቱን ሕማማት አለፍኩት።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ለንስሐ መጣች። ማን እንደሆነችም ምን እንዳለችም አልናገርም፤ ብቻ ነገሯ ከታንጉት ነገር ጋር ይቀራረብ ነበር። እንደ ልማዴ አርባ ስግደት ልላት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ማን ቀረብሽ?» የሚል ሆነ። አያ ፈንቴ ያኔ የጠየቁት ጥያቄ ነው። መልሱን ከታንጉት ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴትዮዋን በሰላም ሸኝቼ ብቻዬን ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ይህን ያህል ዓመት ለሌላው ቀኖና ስሰጥ፣ ለራሴ አንድ ቀን እንኳ ተነሥና ሂድ ያላልኩት ለምንድን ነው? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ኅዳር ዘጠኝ ቡሬ ሄድኩ። ገበያ ላይ ከወገኖቿ አንዱን አገኘሁና አድራሻዋን ነገረኝ። በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ደጇ አጠገብ ትልቅ ድንጋይ አንሥቼ፣ እንደ አገራችን ወግ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ ጥምጥሜ እየተንሸራተተ ገባሁ። ታንጉት ደጅ ላይ ማጭድ ትስል ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። ቀና ብላ አየችኝና ዐወቀችኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። በሚካኤል፣ በእመቤታችን፣ በአርባዕቱ እንስሳ ይቅር በይኝ እያልኩ ስማጸን ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ።

«ድንጋዩን ኸየት አነሡት?» አለች።

«እዚሁ ደጅ።»

«ያጥሬ ድንጋይ ነው። ሲወጡ ኸቦታው ይመልሱልኝ፣ ጥጃ ይገባብኛል።»

መልሱ ይህ ይሆናል ብዬ ስላልተዘጋጀሁ ድንጋዩን እንዳቀፍኩ ቀረሁ።

«ቄሴ፣ መስገዱን ለእግዜሩ ያድርጉት። ለኔ ያለብዎት ሁለት ቀን ወንፈል ነው። ጤፌ ደርሷል፤ ነገና ተነገ ወዲያ እናጭዳለን።»

ነገ ዐሥር፣ ከነገ ወዲያ ዐሥራ አንድ ነበር። የደብሬ ዓመታዊ በዓል ደግሞ ዐሥራ ሁለት ነው፤ የዋዜማው መሪ እኔ ነኝ፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተተክሏል። ይህንኑ ነገርኳት። ከበዓሉ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ እውልልሻለሁ አልኩ። እውነቴንም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ማጭዷን እየሳለች። «ያኔም ሚካኤል ነበር።»

እግሬ መሄድ ይፈልግ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ስልኬን አወጣሁና ወደ ደብሩ ደወልኩ። ጓደኛዬ ቄስ «ታመሙ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። «አልታመምኩም። ወንፈል አለብኝ፤ ዋዜማውን እናንተ ቁሙ» አልኩትና ዘጋሁት።

ሁለት ቀን አጨድኩ። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ወገቤም አልታጠፍም አለ። በዚያ በሚካኤል ዕለት ከእናቷ ጋር ያጨደችው ትልቋ ልጅ አሁን የልጅ እናት ናት። እርሷም ከጎኔ ታጭድ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሁለተኛው ቀን ግን ሳልጠይቃት ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ያ ውሃ አስለቀሰኝ።

ለምሳ ስናርፍ የቀረውን ለታንጉት ነገርኳት። መቅረቴን ታውቃለች፤ መዋሸቴን ግን አታውቅም ነበር። መጽሐፉ ይፈርድልሽ ነበር፣ እኔ ነኝ የገለበጥኩት አልኳት። እንጀራዋን አስቀመጠች። ከመጣሁ ጀምሮ ፊቷ የከፋው ያኔ ብቻ ነው።

«እኔኮ እስተ ዛሬ እግዜር ጠልቶኛል እያልኩ ነው የኖርኩ» አለች። «መጽሐፍ ነዋ ያለው።»

ምን እመልስላታለሁ? እናንተስ ምን ትመልሱላታላችሁ? ቤቷን ማስለቀቄ፣ ክምሯን ማበላሸቴ ቀላሉ ኃጢአቴ ነው። ከባዱ ይህ ነው፤ ሊሟገትላት የተነሣውን አምላክ ከሳሽ አድርጌ ሃያ ሁለት ዓመት ከፊቷ አቆምኩት። አለቀስኩ። ድምፄ ሳያምር፣ ንፍጤ እየወረደ አለቀስኩ። እርሷም ቆይታ «ተአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠርጋ ወደ ማጭዷ ተመለሰች።

ዐሥራ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የመጨረሻውን ነዶ ከመርን። በማግስቱ እርሷ ወደምትሳለምበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ካህን ነኝ አላልኩም፤ ከሕዝቡ ኋላ ቆምኩ። በዓል አይከበር እያልኩ አይደለም፤ እኔ በዓል እወዳለሁ። ያን ቀን እጄን ለጸሎት ስዘረጋ መዳፌ ተልጦ ያቃጥለኝ ነበር። ስንት ዓመት ዘርግቼዋለሁ፣ ያን ያህል ግን ወደ እርሱ የተዘረጋ መስሎኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ይገባኛል አልልም፣ ግን ደስ አለኝ።

ስሰናበት ድንጋዩን ወደ አጥሩ መለስኩ። ታንጉትም እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። የፊታችን ሕማማት በዚያች በድሮዋ ቀበሌያችን ኢሳይያስን በአማርኛ አነባለሁ፣ ያኔ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬም እናገራለሁ አልኳት። አያ ፈንቴ ዛሬም አሉ፤ ዐይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። በቅስናዬ ሊያስጠይቀኝ ይችላል፤ ይጠይቁኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ነበርኩ፣ ግን ምክንያት አይሆነኝም። ለእናንተ አስቀድሜ የጻፍኩት ያን ቀን ጉሮሮዬን አመመኝ ብል እንዳታምኑኝ ነው።

ታንጉት ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። ያለችኝ ይህን ነው፦

«እመጣለሁ። ኸኋላ ቆሜ እሰማለሁ፣ አንድ ቃል እንዳይዘሉ። ተፋሲካ በኋላ ደግሞ ለሰንበቴው ዳቦ ይዤ እመለሳለሁ። ሰው ኸነካው ነካው። ኻልነካው ግን ቄሴ፣ መሶቡን ሙሉ አንቱ ብቻዎን ይጨርሱታል።»

እጨርሰዋለሁ።