በአጎቴ ማሳ ዳር የቆመው ቦይ

ልጅ እያለሁ፣ ሸዋሮቢት አጠገብ ቀወት ውስጥ፣ የአባቴና የወንድሙ የአጎቴ ሰይድ ማሳ ጎን ለጎን ነበር። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለቱም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው መስከረም ላይ ሽምብራ ይዘሩ ነበር። እሸቱ ሲደርስ እኔና የአጎቴ ልጅ ዘይነባ ድንበሩ ላይ ተቀምጠን እየፈለፈልን እንበላለን። ቅጠሉ ጣታችን ላይ የሚተወው ጨው ጨው የሚል ኮምጣጣ ነገር ዛሬም አፌ ውስጥ አለ።

አንድ ዓመት አባቴ ሐምሌ ላይ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ካልዘራን አለ። ማሾው ቶሎ ይደርሳል፣ ከሥሩ ሽምብራውን እናስከትላለን ብሎ ወንድሙን አግባባው። አጎቴ መሬቱን ስለሚያውቀው ቢያመነታም እሺ አለ። ማሾው አምሮ በቀለ። ነሐሴ ሲገባ ግን ዝናቡ አላባራ አለ፤ ውኃው ማሳው ላይ ተኛ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ የበሰበሰ ሥር ይሸት ጀመር።

አጎቴ ያን ሰሞን ለለቅሶ ማጀቴ ከተማ ሄዶ ነበር። አባቴ መጠበቅ አልቻለም። ዶማውን ይዞ ወጣና ቦይ ቀደደ፤ ወንዙ ሩቅ ስለሆነበት ቦዩን የወንድሙ ማሳ ዳር ላይ አቆመው። የእኛ ማሾ ቀና አለ። የአጎቴ ግን የእኛም ውኃ ተጨምሮበት ሰጥሞ ቀረ።

አጎቴ ሲመለስ አልጮኸም። ደጃችን ቆሞ፣ «ብትጠብቀኝ እኮ አብረን ወንዙ ድረስ እንቆፍረው ነበር» አለው።

«እስክትመጣ የኔም ይሞት ነበር» አለ አባቴ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። አባቴ ግን ይቅርታ ማለት ከበደው። አረፋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለየብቻ አከበርን። ብዙም ሳይቆይ አጎቴ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ ዘይነባንም ይዞ፣ ማጀቴ ወደ ሚስቱ ዘመዶች ሄደ። በቀጣዩ በጋ አባቴ ቦዩን ብቻውን ወንዙ ድረስ ቆፈረው። ሄዶ ሊነግረው ያስባል፤ ክረምቱ ይውጣ ይላል፣ አዝመራው ይግባ ይላል። ዓመታት አልፈው የሄደው ለአጎቴ ቀብር ነው።

ዛሬ ማሳችንን የሚያርሰው ወንድሜ ነው። በቦዩ ዳር ያሉት ባለማሳዎች ክረምት ሳይገባ ተጠራርተው ቦዩን በጋራ ይጠርጋሉ፤ ማሾውም ሽምብራውም በአንድ ዓመት ይገኛል። አባቴ ያሰበው ሁሉ ሆነ።

አምና ሸዋሮቢት ገበያ ዘይነባን አገኘኋት። አቅፌ ሳምኳት። ልጆቼን ጠየቀችኝ፣ አባቴንም። ከዚያ፣ «አንቱስ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። እኩዮች ነን። አንቺ በይኝ ልላት ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ፤ አንቱስ?» አልኳት እኔም።