ብርቄ የመረጠችው ሸራ

ከሐይቅ ከተማ የተነሳነው ጥር በገባ በሳምንቱ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጭነታችን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ነበር፤ ውስጣቸው ተጣጥፋ የምትያዝ ጀልባዬ አለች። የአሉሚኒየም አጽሟን ገጣጥመው የጎማ ልብሷን ሲያለብሷት ሁለት ሰው ትይዛለች። የሚኒባሱ ረዳት ሻንጣዎቹን ጣሪያ ላይ ሲሰቅል ወገቡ ተቆረጠና «ይሄማ ሰው ነው» ብሎ የአንድ ተሳፋሪ ሒሳብ ተቀበለኝ። ባለቤቴ ብርቄ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ስለነበር ሳልከራከር ከፈልኩ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ የኔ ነገር፣ ከጀልባዋ የሚተልቅ የነፋስ ሸራ ሰቅዬ፣ ብርቄን ፊት አስቀምጬ ሐይቁ ላይ ወጣሁ። ነፋስ አንዴ ሲመታን ተገለበጥን። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሳ ስለነበር እግዜር አተረፋት። ከዚያ ወዲህ ግን ውሃው ዳር እንኳ ድርሽ አትልም። ከተጋባን ጀምሮ እሁድ እሁድ አብረን እንወጣ ነበር፤ እሱ ሲቀርብን ቤቱ ጭር አለብኝ። ብለምናት ብለምናት በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ሸራውንም፣ ጀልባዋን ከጎን የሚደግፈውን ክንፍም እሷ ልትመርጥ፤ ብንከራከር ደግሞ አጎቷ አያ ስጦታው ሊፈርዱ። አያ ስጦታው ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር የሚያርሱ የላስታ ገበሬ ናቸው። ጀልባ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ጋሸና፣ ቀትር ላይ

ወልድያ ላይ ፍርፍር በልተን የድልብን ዳገት ወጣን። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ከኋላችን ያለው ወንበር ላይ አንድ ሰው ማርያም ማርያም ይላል። ጋሸና ስንወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በጭነት መኪናዎች መሀል ባለች ምግብ ቤት ትኩስ ሽሮ በላን፤ እንደዚያ የጣመኝ ሽሮ የለም። ከዚያ ወደ ላሊበላ ታጠፍን።

አውድማው ላይ

አያ ስጦታውን ያገኘናቸው ገብስ ሲያዘሩ ነው። ስመው ስመው ሲያበቁ ብርቄ ነገሩን አስረዳቻቸው። እኔ ትልቁን ሸራና ብርቄ ለመረጠችው ትንሽ ሸራ የቆረጥነውን ልክ መሬት ላይ ዘረጋሁና ስለ ፍጥነት ብዙ ለፈለፍኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ። ከዚያ ገብሱን በመንሹ ወደ ላይ በተኑት፤ ገለባው ሄደ፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ወደቀ።

«አየህ ልጄ፣ ብርቱ ነፋስ ሲመጣ እኔ መንሹን አስቀምጬ እቀመጣለሁ። ገለባውን ብቻ አይወስድማ፤ ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል» አሉኝ።

ብርቄ ትንሹን ልክ አንስታ አጣጠፈችው። ፍርዱ አለቀ።

በማግስቱ ላሊበላ ገበያ ያለ ድንኳን ሰፊ፣ ለጥምቀት በተያዘበት ሥራ መሀል አጣድፎ ሰፋልን። ስለ ክንፉ እኔ ክብደት እንዳይበዛ በአንድ ጎን ብቻ ይበቃል ብል፣ አያ ስጦታው በአንድ በሬ ማን ያርሳል ብለው ሳቁብኝ። ለቀንበር ካደረቁት ዋንዛ ሁለት አግዳሚ ሰጡን። ጀልባዋን ገጣጠምንና የአግዳሚዎቹ ጫፍና ጫፍ ላይ አፋቸው የተከደነ ባዶ ጀሪካኖች አደረግን። አግዳሚዎቹን ከጀልባዋ ጋር ያሠሩት ራሳቸው አያ ስጦታው ናቸው፤ በተነከረ የበሬ ቆዳ ጠፍር። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲደርቅ ብረት ሆነ። እኔ አዋቂው ነካ ነካ አድርጌ በጣም አደነቅሁ።

ግድቡ ላይ

ከሰፈሩ ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ለመስኖ ውሃ የታቆረበት ግድብ አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሁለት ወዳጅ ተሸክሞልን ወረድን። ብርቄ አማትባ ፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ የሸራውን ገመድ ያዝኩ። ነፋሱ ደህና ነበር፤ ጀልባዋም እንደ ጨዋ ሰው ቀጥ ብላ ሄደች። ብርቄ መዝፈን ጀመረች። የደስታዬ ብዛት!

መሀል ስንደርስ የግራው ክንፍ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ እንደ ፓስታ ለስልሷል! ጀልባዋ ስታዘነብል እኔ ገመዱን እንደጨበጥኩ ደርቄ ቀረሁ። ብርቄ ግን ወደ ምሰሶው ዞራ ያችን ትንሽ ሸራ በአንድ እቅፍ ሰብስባ አወረደቻት። ጀልባዋ ተረጋጋች። እየቀዘፍን ወጣን።

አያ ስጦታው ዳር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁን። «ዕድሜዬን ሙሉ በሬ ስጠምድ ቀንበሬ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ምኑን ላስበው?» አሉ።

ዳገቱን ስንወጣ ብርቄ ወደ ኋላ ሳትዞር ቀድማን ሄደች። በቃ፣ አከተመ ብዬ ጀልባዋን የምሸጥለትን ሰው ማሰብ ጀመርኩ። ቤት ደርሳ ውሃ ጠጣችና፣ «ሸራው ትክክል ነው፤ ክንፉም ትክክል ነው። ማሠሪያው ብቻ ነው» አለች። አጎቷን አቀፍኳቸው፤ እሷን በሰው ፊት ማቀፍ አፍሬ ነው።

ወደ ቤት

ስንመለስ ጋሸና ላይ አንድ ጎሚስታ አሮጌ የጭነት መኪና ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ በጠፍሩ ፈንታ ለማሠሪያ በቀጭን በቀጭኑ ቆረጠልን። ለምን እንደሆነ ስነግረው ጉደኛ ሰው አገኘሁ ብሎ ባልደረቦቹን ጠራና እንደገና አስተረከኝ። ብርቄ ቤት እንደገባን ጎማውን ሳፋ ውስጥ ነክራ አሳደረችው፤ በማግስቱ ስባ ስባ አየችው። አልለሰለሰም።

እሁድ ማለዳ ሐይቁ ዳር እያንዳንዱን ቋጠሮ ራሷ አሠረች። ከዚያ ቀድማኝ ገባችና ከኋላ፣ የኔ ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«ፊት ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ሸራ ስመርጥ ስፋቱን ብቻ ሳሰላ ኖሬያለሁ፤ ፊት ለሚቀመጠው ሰው ነፋሱ እንዴት እንደሚመጣበት አስቤ አላውቅም። ገመዱ እጅህ ላይ የለም፤ ከኋላህ የሚሆነውን አታይም፤ ውሃው ብቻ ይታይሃል። ነፋሱ ሲነሳ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ብርቄ ከኋላዬ ትስቃለች።