በመምህር ውበቱ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ባዶ ሣጥን

መምህር ውበቱ ካረፉ ዛሬ ሠላሳ ቀናቸው ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ፣ ፊደላችንን እዚህ እስራኤል አገር ወደ አፉላ ከተማ ኮምፒውተሮች ያስገባሁት ሰው ነኝ። ጊቫት ሃሞሬ ሰፈራችን ወጥታችሁ ብትጠይቁ ግን «እሱማ መሰኪያውን ሰካ፤ የቀረውን መምህር ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ተምረው ሠሩት» ይሏችኋል። እውነት ነው።

መምህር የቋራ ሰው ነበሩ። እናታቸው ሻጘ ይባሉ ነበር። ያቺ ሁለተኛዋ ፊደል በአፍንጫ የምትወጣ የቋርኛ ድምፅ ናት፤ አማርኛ አይጠቀምባትም። በዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ቁጥር ከተሰጣት ቆይታለች። ምን ዋጋ አለው? ማሽኑ ቅርጿን ካልያዘ በቦታዋ ባዶ ሣጥን ያወጣል። መምህር ይህን ባዩ ቁጥር መነጽራቸውን አውልቀው «እናቴን ሣጥን አደረጓት» ይሉ ነበር።

ስለዚህ በየሳምንቱ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የመንገደኛውን ስልክ እየተቀበሉ ፊደሏን ይጭኑ ነበር። አንድ ወታደር «አባ፣ እኔ እኮ አማርኛ ማንበብ አልችልም» አላቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ ስልክህ ያንብብልህ።»

ሕመሙ ሲጠናባቸው የእናታቸውን ስም ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው ሰጡኝ። «አንተ ቀባጣሪ፣ ማሽን አይታመንም። ይህን ከድንጋይ ቀራጩ እጅ አድርስ።»

ዛሬ ጠዋት መቃብራቸው ዘንድ ስንደርስ ድንጋዩ «ውበቱ፣ የሻ▯ ልጅ» ይላል። ደሜ ፈላ። ቀራጩን ጠርቼ ከላይ አፉላ ኢሊት ሰፈር ድረስ እስኪሰማ ጮኽኩበት።

«ማሽኑ ያወጣው ይህን ነው» አለኝ። «እኔማ የእናንተ ጌጥ መስሎኝ።»

ጌጥ! ስልክ ሠሪዎቹ ከሣቅ ብዛት ለሚያለቅስ ፊት ሥዕል ቦታ አላቸው፤ እኛ በሃይማኖታችን ጨርሶ ለማንበላው የባሕር ፍጥረት፣ ለተጠበሰ ሽሪምፕ እንኳ ቦታ አላቸው። አንዲት እናት በልጇ መቃብር ላይ በስሟ እንዳትጠራ ግን መጋዘናቸው ሞላ። አንድ ሕዝብ ጸሎቱን ያደረሰባት ድምፅ ናት፤ ማን ናቸውና በባዶ ሣጥን ይከድኗታል?

መምህር፣ እርስዎ ባሉበት ሣጥን የለምና በእናትዎ ስም ይጠሩ። እኔ ግን ወረቀቱን አድርሻለሁ ብዬ አልጋዎ አጠገብ ዋሽቼዎታለሁ። እርስዎም አምነውኝ «ተባረክ» አሉኝ። ቀራጩ አላየውም፤ ስሙን በስልኬ ጽፌ ነው የላክሁለት። ወረቀቱ እስካሁን መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።