አባቴ የደበቃቸው ወንዞች

መስከረም ሲጠባ፣ ጎርፍ ያመጣው ደለል በፀሐይ መሰንጠቅ ሲጀምር የሚመጣ አንድ ሽታ አለ፤ ጭቃም፣ ዓሣም፣ የበሰበሰ ደንገልም ይሸታል። ዘንድሮ ያ ሽታ ደጄ ላይ ሲደርሰኝ፣ እኔ ጥርሴ ያለቀ ሽማግሌ ወዲያው ዘወር ብዬ የሚከተለኝ ሰው ይኖር እንደሆነ አየሁ። ማንም አልነበረም። በደርግ ጊዜ ያደገ ሰው ዘወር ማለት ልማዱ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ከካድሬ ይልቅ የምንሸሸው ሌላ ዓሣ አጥማጅን ነበር።

አባቴ የፋብሪካ ጸሐፊ ነበር። ወደ ባሕር ዳር ከመዛወሩ በፊት ባሌ ውስጥ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ፣ ትራውት የሚባለውን ገላው ጠቃጠቆ የሆነ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በመንጠቆ ማጥመድ ተምሮ፣ ያን ጊዜ የያዘው አባዜ ሳይለቀው ቀረ። ጣና ዳር ትራውት እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ የሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ከተገኘ የእኛም ነጭ ዓሣ እንደ ባሌው ይታገላል ብሎ፣ እሑድ እሑድ ገልዳን፣ ጉማራን፣ አንዳሳን ሲያስስ ይውል ነበር። አብረውት የሚሄዱት የፋብሪካው መካኒክ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ታደለ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ትል የሞላ ጣሳ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ።

ደግ ወንዝ ያገኘ ሰው ለሌላው አይናገርም። አባቴ አንዳሳ በሚወርድበት ቀን መንጠቆውን ጃንጥላ ውስጥ ደብቆ፣ መጀመሪያ ወደ ዓባይ ማዶ ድልድዩን ይሻገርና፣ ሰው ሁሉ «ወደ ገልዳ ሄደ» ካለ በኋላ ተመልሶ በሰባታሚት በኩል ይወጣ ነበር። የድልድዩ ጠባቂዎች ምን ያስቡ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

በጋ ሲገባ ያየውን ሁሉ በደብተር መጻፍ ጀመረ። ዓሣ የሚጠለለው ድልድይ ሥር ካለው ጥልቅ ውኃ ነው፤ ጠባቂ ደግሞ ከዚያ ያባርራል። ስለዚህ ደብተሩ እንዲህ ይል ነበር፦ «ገልዳ፣ ድልድዩ ሥር። ጥልቀት እስከ ወገብ። ጠባቂ ሁለት። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይሄዳሉ።» ከወንዞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደውን እንፍራንዝን ብቻ በወረቀት ላይ አላሰፈረውም።

ሁዳዴ ገብቶ ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ፣ አባቴ በደረሰበት ወንዝ ሁሉ ሰው ቀድሞት ይገኝ ጀመር። ያውም በመንጠቆ ሳይሆን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ እየበተኑ፣ ሰክሮ የተንሳፈፈውን ዓሣ ከነግልገሉ ይለቅሙት ነበር። አባቴ ወንዞቹን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ብሎ ጋሼ ታደለን ጠረጠረ፤ ሰላምታም ነሣቸው። በር ለበር ያለን ሰዎች እንደማንተዋወቅ ሆንን።

ምሥጢሩን ያወጣሁት ግን እኔ ነበርሁ። ዓባይ ማዶ ዓሣ የሚሸጡ ጎረምሶች ብስክሌት ነበራቸው፤ አንድ ወንዝ ስነግራቸው አንድ ዙር ያስነዱኝ ነበር። ለእንፍራንዝ ሁለት ዙር ተከራክሬ ተቀብያለሁ። በዕድሜዬ ያሳካሁት ንግድ እሱ ብቻ ነው።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የቀበሌ ፍተሻ መጣ፤ ደብተሩ ከትራስ ሥር ተገኘና አባቴን ወሰዱት። እናቴ ምሳውን ቋጥራ አስያዘችኝ። የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ስደርስ ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገልጦ፣ ለዓሣ ሲባል የድልድይ ጠባቂ የሚቆጥር ሰው በየትኛው አገር እንዳለ እየጠየቀ ነበር። የዚያን ጊዜ እንዲህ ተጠይቀው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ አባቶች በሰፈራችን ነበሩ። አባቴ ደጋግሞ «ዓሣ ነው» ይል ነበር።

አብረውት ዓሣ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው ተብሎ ጋሼ ታደለን አስጠሯቸው። አባቴ እሳቸውን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አሉ ጋሼ ታደለ፣ «ይህ ሰው ወንዜን አወጣህብኝ ብሎ ከሁዳዴ ጀምሮ አኩርፎኛል። ድልድይ የሚያፈርስ ሰው በዓሣ ያኮርፋል?»

አንዱ ጥበቃ ሊስቅ ሲል ሊቀመንበሩ ገላመጠው። «ኩርፊያው ለሽፋን ቢሆንስ?»

ያን ጊዜ ምሳውን እንደያዝሁ ገባሁና፣ ወንዞቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልሁ። ሊቀመንበሩ ሊያምነኝ ስላልፈለገ ደብተሩን እያየ ወንዞቹን በቃሌ አስጠራኝ፤ ገልዳን ለአንድ ዙር፣ ጉማራን ለአንድ ዙር፣ አንዳሳን ጎማው ተንፍሶብኝ ለግማሽ ዙር እንደ ሸጥሁ ዘረዘርሁ። ጎረምሶቹ ተጠርተው ከነብስክሌታቸው መጡና ቃሌን አጸኑ። አባቴ ተለቀቀ፤ ደብተሩ ግን «ለምርመራ» ተብሎ እዚያው ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ሊቀመንበሩ ጃንጥላ ይዞ ወደ ገልዳ ሲወርድ ታይቷል።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ በእኔና በጋሼ ታደለ መካከል ይሄድ ነበር። «ታደለ፣ በድዬሃለሁ፤» አለ በመጨረሻ። ጋሼ ታደለ ትከሻውን መታ አደረጉት። ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣

«እንፍራንዝንስ ለጎረምሶቹ ተናገርህ?» አለኝ።

«አልተናገርሁም፣ አባዬ።»

ዓይኔን አየው። «ጎሽ፣» አለና እጄን ያዘኝ።

እሑድ ሁለቱ እንፍራንዝ ወርደው ባዶ እጃቸውን መጡ። እናቴ ምን ሆናችሁ ስትል፣ አባቴ እኔን ሳያይ፣ ውኃው ሞቋል ብሎ መለሰላት።

ዛሬ ወንዞቹ ዳር ፓምፕ ተደርድሮ ውኃቸውን ይስባል፤ በበጋ የሚደበቅም የሚሸጥም ወንዝ ብዙ አልቀረም። የልጅ ልጆቼ የዋሉበትን ሁሉ በስልካቸው ለዓለም ያሳያሉ፤ ዘወር ብሎ የሚያይ ከመካከላቸው የለም፤ እሰየው። ስኳሩን ማን ቀነሰው ስላቸው ግን «እኛ አይደለንም» ይሉኛል፤ እኔም ዓይናቸውን አይቼ «ጎሽ» እላለሁ። እያወቅሁ ነው የምላቸው። አባቴ ያን ቀን «ጎሽ» ያለኝ አምኖኝ ይሁን እያወቀ፣ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።